ያገለገለው ቲንክፓድ ቲ480 በአንድ ጡረተኛ ቤት

የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ ማገልገል ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የ186 አባወራዎችና እማወራዎች ወርኃዊ መዋጮ፣ የዘገየ ሰው ቅጣት፣ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የተከፈለው ገንዘብ፣ የድንኳኑና የወንበሩ ኪራይ ሁሉ የሚሰፍረው በአንድ ሰፊ መዝገብ ላይ ነበር። ባለፈው ዓመት የግራ ዓይኔ ሞራ በቀዶ ሕክምና ከተነሣልኝ ወዲህ፣ በመዝገቡ ጠባብ መስመሮች ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ መጻፍ እየከበደኝ ስለመጣ ሥራውን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ወሰንኩ። ሜሪላንድ ከምትኖረው ልጄ ጋር በሰፋ ስክሪን እየተያየን ማውራት፣ ጋዜጣ ማንበብ፣ አልፎ አልፎም ለወረዳው የሚገባ ማመልከቻ መጻፍ ተጨማሪ ምክንያቶቼ ነበሩ። ለዚህ ሁሉ የመረጥኩት፣ በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ መገናኛ አካባቢ ከሚገኝ ሱቅ የገዛሁትን፣ በገበያው አጠራር «ስላይትሊ ዩዝድ» (ጥቂት ያገለገለ) የሚባለውን የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ላፕቶፕ ነው። ስድስት ወር ያህል በየቀኑ ስለሠራሁበት ደጉንም ጉድለቱንም ለመናገር የሚያስችል ልምድ አለኝ።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ላፕቶፕ ሊገዛ ሲወጣ ከሻጩም ከገዛ ልጆቹም የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «ለእርስዎ ቀላሉ ይበቃዎታል» ይባላል። ቀላል የሚባለው ደግሞ በሱቁ ውስጥ ካሉት ሁሉ ስክሪኑ የጠበበው፣ ኪቦርዱ የሳሳውና ፍጥነቱ የዘገየው ነው። ወጣት ሰው በደካማ ስክሪን ላይ ዓይኑን አጥብቦ ያነብባል፣ በሳሳ ኪቦርድ ላይም ጣቱ ፈጥኖ ይለምዳል። ዓይኑ የደከመና ጣቱ የዘገየ ሰው ግን ማሽኑ ካላገዘው ሥራውን ትቶት ይነሣል። ስለዚህ ለአረጋዊ ቤት የሚሆን ላፕቶፕ ሲመረጥ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ሰውየው በየደቂቃው የሚያየውና የሚነካው ነገር፣ ማለትም ስክሪኑና ኪቦርዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቲ480ንም ያስመረጠኝ ይኸው ነው።

ወደዚህ እምነት የደረስኩት በኪሣራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ዘመዳችን በቅን ልቡና አዲስ፣ ቀጭንና ያማረ ላፕቶፕ ገዝቶልኝ ነበር። ስክሪኑ 11.6 ኢንች፣ ራሙ (ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚሠራባቸውን ነገሮች የሚይዝበት ጊዜያዊ ማኅደር) 4 ጊጋ፣ ማከማቻውም 64 ጊጋ ነበር። እነዚህ ሁለት የመጨረሻ ቁጥሮች ዊንዶውስ 11 ለመጫን የሚጠየቁት ዝቅተኛ መጠኖች ናቸው፤ ዝቅተኛ መስፈርት ማሟላት ማለት ደግሞ ማሽኑ ይነሣል ማለት እንጂ በምቾት ያሠራል ማለት አይደለም። ሥርዓቱ ራሱ ከማከማቻው ብዙውን ቦታ ስለሚይዘው፣ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር «ቦታ የለም» የሚል መልእክት እየወጣ ያቋርጠኝ ነበር። ከልጄ ጋር እያወራሁ የእድሩን ዝርዝር ለመክፈት ስሞክር ምስሏ ይቆምና ድምፅዋ ብቻ ይመጣል። ራም እናስጨምርለት ብለን ለባለሙያ ስናሳየው፣ ራሙም ማከማቻውም ከቦርዱ ጋር የተበየዱ በመሆናቸው ሊቀየሩም ሊጨመሩም እንደማይችሉ ነገረን። አዲስ ዕቃ ነበር፤ ነገር ግን ከካርቶኑ በወጣበት ቀን ከነበረው አቅም በላይ ምንም ሊሆን አይችልም ነበር።

በዚህ ምክንያት ሁለተኛውን ስገዛ በጀቴን 45,000 ብር አድርጌ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረውን የጎረቤታችንን ልጅ ይዤ ወጣሁ። ብሩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ፣ የከፈልኩትን ገንዘብ እንደ ቋሚ ዋጋ አድርጎ መጥቀሱ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ንጽጽሩ ነው። በዚያ ሰሞን በዚያው ገንዘብ የሚገኙት ሁለት ዓይነት ዕቃዎች ነበሩ፤ አንደኛው ከላይ የገለጽኩትን የሚመስል አዲስ ግን ደካማ ማሽን፣ ሁለተኛው ደግሞ በውጭ አገር በድርጅት ቢሮ ውስጥ ጥቂት ዓመታት አገልግሎ የመጣ ጠንካራ ማሽን። ሻጩ መጀመሪያ ወደ አዲሱ መራኝ። «አባቴ፣ ያገለገለ ዕቃ ለእርስዎ ምን ያደርጋል?» ሲለኝ ከመልካም ሐሳብ የመጣ እንደነበረ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን እኔ ይዤው የሄድኩት የእድሩን መዝገብና የማንበቢያ መነጽሬን ስለነበረ፣ ሁለቱንም ከፍቶ እንዲያስቀምጥልኝና ጥቂት እንድጽፍባቸው እንዲፈቅድልኝ ለመንኩት። ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ። አርባ ደቂቃ ያህል ተቀምጬ ሃያ ስሞችን ከነመዋጯቸው በሁለቱም ላይ ገለበጥኩ። ለሌላ ሰው ከምሰጠው ምክር ሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው፤ ላፕቶፕ በቆመበት ታይቶ አይገዛም፤ ተቀምጦ፣ የራስን መነጽር አድርጎ፣ የራስን ሥራ ሠርቶበት ነው።

በስክሪኑ ልጀምር። ቲ480 ባለ 14 ኢንች ስክሪን ሲሆን፣ ሲመረት በተለያየ ጥራት ወጥቷል። ሱቁ ውስጥ በመልክ የማይለያዩ ሁለት ቲ480ዎች ጎን ለጎን ነበሩ፤ ምስሉን ከሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች የአንዱ ስክሪን 1366 በ768፣ የሌላው 1920 በ1080 ነው። የዋጋቸው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ሻጩም ልዩነታቸውን አልጠቀሰልኝም ነበር። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ልዩነቱ ሊታለፍ ይችል ይሆናል፤ ለፊደላችን ግን አይታለፍም። «ቡ» እና «ቢ»ን እናስብ። ሁለቱን የሚለያቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ በካዕቡ ወገብ ላይ፣ በሣልሱ እግር ላይ ትሆናለች። ነጥቡ ባነሰው ስክሪን ላይ በተለመደው የፊደል መጠን «ቡ» እና «ቢ»፣ «ሙ» እና «ሚ» እየተመሳሰሉብኝ «ሙሉነህ» የሚለውን ስም ሁለት ጊዜ «ሚሉነህ» ብዬ ጽፌ ሳላስተውል አለፍኩ። ነጥቡ በበዛው ላይ ጭረቷ የት እንደተቀመጠች ወለል ብላ ታየችኝ።

ከዚህ ሌላ ደግሞ የማዕዘን ነገር አለ። ጥራቱ ዝቅ ያለው ስክሪን ከፊት ለፊት ሲታይ ደህና ይመስልና፣ ወንበር ላይ ወደ ኋላ ጋለል ሲሉ ወይም ባለቤት ከጎን ሆና ስታይ ቀለሙ ይገረጣል፣ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይሄዳል። አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ስክሪን ግን ከየትም አቅጣጫ ሲታይ መልኩን ብዙም አይቀይርም። ይህን ለመለየት የቴክኒክ ዕውቀት አያስፈልግም፤ ነጭ ገጽ ከፍቶ፣ ጽሑፍ አስፍሮበት፣ ቆም ብሎ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያም ከግራና ከቀኝ ማየት ብቻ ይበቃል። እኔና ባለቤቴ ከልጃችን ጋር የምናወራው በአንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን በመሆኑ ይህ ነገር ለቤታችን ትልቅ ጉዳይ ነበር።

ነጥቡ የበዛ ስክሪን አንድ መዘዝ አለው፤ እንደመጣ ሲከፈት ፊደሉ በጣም ደቃቅ ሆኖ ይታያል፤ ብዙ አረጋውያንም በዚህ ተደናግጠው ዝቅተኛውን ስክሪን ይመርጣሉ። መፍትሔው በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ «ዲስፕሌይ» በሚለው ሥር «ስኬል» የተባለውን ወደ 150 በመቶ ማሳደግ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ይተልቃል፣ ጥራቱ ግን አይቀንስም። ጽሑፉን ብቻ ለይቶ ማሳደግ ለሚፈልግ ሰው «አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ የጽሑፍ መጠን ማስተካከያ አለ፤ እስከ 225 በመቶ ይደርሳል። በአንድ ገጽ ላይ ብቻ አጉልቶ ለማየት ደግሞ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከመደመር ምልክቱ ጋር አብሮ መጫን ማጉያውን ይከፍተዋል። የመዳፊቱን ቀስት ማተለቅና ቀለሙን ወደ ቢጫ መቀየርም ይቻላል፤ የእኔ አሁን ትልቅ ቢጫ ቀስት ነው፣ አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ኪቦርዱ ይህን ማሽን ከብዙዎቹ የሚለይበት ነው። ቁልፎቹ ሲጫኑ ጠለቅ ብለው ይወርዱና እንደተጫኑ ለጣት ያስታውቃሉ፤ የቁልፉ ወለልም ትንሽ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ጣት መሐሉን ፈልጎ ያርፋል። በወጣትነቴ የትምህርት ቤቱን ፈተናዎች በታይፕራይተር እጽፍ ስለነበር፣ ቁልፍ መነካቱን በጆሮም በጣትም ማረጋገጥ ልማዴ ነው። በቀጭኑ ላፕቶፕ ላይ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ወይም ጭራሽ ሳልጽፈው እያለፍኩ የምፈጽመው ስሕተት በዚህኛው ላይ በእጅጉ ቀንሶልኛል። «ኤፍኤን» የሚለውንና «ስፔስ»ን አብሮ መጫን ከቁልፎቹ ሥር መብራት ያበራል፤ ይህ መብራት የሌላቸው ቲ480ዎችም ስላሉ ሱቅ ውስጥ ሞክሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ማታ መብራት በሄደ ጊዜ ጥቅሙ ከፍተኛ ነው።

ከመዳሰሻው ሰሌዳ በላይ ሦስት እውነተኛ ቁልፎች አሉ። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም መዳሰሻ ላይ ጣቱ ለማይታዘዝለት ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ተጫንኩ አልተጫንኩም የሚል ጥርጣሬ የለም። ቢሆንም እኔ ተራ ባለገመድ ማውስ ሰክቼ መዳሰሻውን ጭራሽ አጥፍቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ስጽፍ መዳፌ እየነካው ጠቋሚው ወደማላውቀው መስመር እየዘለለ ያስቸግረኝ ነበር። በኪቦርዱ መካከል ያለችውን፣ በጣት እየተገፋች ጠቋሚውን የምታንቀሳቅሰውን ቀይ ነጥብ የሚወዷት ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለእኔ ግን አልሆነችኝም።

ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ በቲ480 ላይ በስተግራ ጥግ የሚገኘው ቁልፍ እንደሌሎቹ ላፕቶፖች «ኮንትሮል» ሳይሆን «ኤፍኤን» ነው። በሌላ ኪቦርድ የለመደ ሰው ለመቅዳት ወይም ለመለጠፍ ሲፈልግ የሚጫነው ሳይሠራ ቀርቶ ማሽኑ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። የሁለቱን ቦታ በማሽኑ መነሻ ቅንብር ውስጥ ማለዋወጥ ይቻላል፤ የጎረቤታችን ልጅ በአምስት ደቂቃ አስተካከለልኝ። ሁለተኛው፣ ያገለገሉ ማሽኖች ከተለያየ አገር ስለሚመጡ የቁልፎቹ አቀማመጥ የጀርመን ወይም የፈረንሳይ ሊሆን ይችላል። በጀርመኑ ላይ ዜድ እና ዋይ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ በፈረንሳዩ ላይ ደግሞ የላይኛው ረድፍ የሚጀምረው በኤ ነው። አማርኛ የምንጽፈው የላቲኑን ቁልፍ እየነካን በመሆኑ፣ የተዘበራረቀ ኪቦርድ የአማርኛውንም ጽሑፍ አብሮ ያዘበራርቀዋል።

የማሽኑ አንጎል ስለሆነው ስለ ፕሮሰሰሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ግን የግድ መታወቅ አለበት። ልገዛ በወጣሁበት ሰሞን ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው የደህንነት ማሻሻያ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሊያበቃ ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። በ2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለገበያ የቀረበው ቲ480 አብዛኛውን ጊዜ ስምንተኛ ትውልድ ስላለው ይገባል፤ በመልክ ወንድሙ የሚመስለው ቲ470 ግን የስድስተኛና የሰባተኛ ትውልድ ስለሆነ ከመስፈርቱ ውጪ ነው። ሱቆች ውስጥ ሁለቱ አብረው ተደርድረው ሲታዩ የቲ470 ዋጋ ቀነስ ስለሚል ሰውን ያማልላል። መለያው ቀላል ነው፤ በፕሮሰሰሩ ስም ውስጥ አይ5 ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ8 መጀመሩን ማየት ነው፤ የእኔ 8350 ይላል። ራሙ 8 ጊጋ፣ ማከማቻው 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዓይነት) ሆኖ ነው የገዛሁት፤ የራም ማስገቢያው ሁለት ስለሆነ ከሁለት ወር በኋላ ሌላ 8 ጊጋ አስጨመርኩበት። አሁን ከልጄ ጋር እያወራሁ የእድሩን ዝርዝር እከፍታለሁ፤ ምስሏም አይቆምም።

በአማርኛ ለመጻፍ ምንም ነገር አልገዛሁም። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ ስላለው በቋንቋ ቅንብር ውስጥ አማርኛን መጨመር ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የዊንዶውስ ቁልፉንና «ስፔስ»ን አብሮ በመጫን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመላለስ ይቻላል። ፓወር ግዕዝ የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የለመደ ሰው አጻጻፉ ትንሽ ይለይበት ይሆናል፤ ኪማን የሚባለውንም በነፃ አውርዶ መጠቀም ይቻላል። ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነበር። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የጽሕፈት ቤት የተጻፈው ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት ዩኒኮድ የተባለ የጋራ ሥርዓት ከመለመዱ በፊት በተሠራ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ስለነበረ፣ በአዲሱ ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ሆኖ ታየ። ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ እጅግ ደነገጥኩ፤ ነገር ግን የቀድሞው ፎንት ሲጫን ጽሑፉ ተመልሶ ተነበበ። አሁን በየቀኑ አንድ አንቀጽ እያነበብኩ ደንቡን በዩኒኮድ እንደገና እየጻፍኩት ነው፤ ከ23 አንቀጾች 17ቱን ጨርሻለሁ። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ የምጠቀመው ሊብሬ ኦፊስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ሲሆን ለእድር ሒሳብ አንዳችም አልጎደለበትም።

ኢንተርኔት የምጠቀመው ከስልኬ እያጋራሁ ስለሆነ፣ ማሽኑ ሳያስፈቅድ ማሻሻያ እያወረደ ጥቅሌን እንዳይጨርስብኝ ግንኙነቱን «ሚተርድ» (በመጠን የሚቆጠር) ብዬ አስቀምጬዋለሁ። በወር አንድ ቀን የጎረቤታችን ልጅ ኮሌጁ ይዞት ሄዶ በዋይፋይ ያሻሽልልኛል።

ባትሪውን በሚመለከት ቲ480 ዛሬ በአዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ብዙም የማይገኝ አሠራር አለው። ባትሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ 24 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) የሚይዝ ሆኖ በውስጡ የተቀመጠ፣ ሌላው በጀርባው ተነቃይ ነው። የውስጠኛው ማሽኑን ስለሚያቆየው ውጪያዊውን ሳያጠፉ ነቅሎ በሌላ መተካት ይቻላል። ተነቃዩ በ24፣ በ48 እና በ72 ዋት ሰዓት ይገኛል። ትልቁ ከሥር ወጣ ስለሚል ማሽኑን ከኋላ ከፍ ያደርገዋል፤ ይህም ለሚጽፍ ሰው የእጅ አንጓ ምቹ ነው። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ አሠራር ከስክሪኑና ከኪቦርዱ ቀጥሎ የማስቀምጠው በጎ ነገር ነው፤ ተነቃዩ ባትሪ ሲያረጅ ማሽኑን ፈትቶ ወደ ባለሙያ መሄድ ሳያስፈልግ ባለቤቱ ራሱ ሁለት መያዣዎችን ገፍቶ ይቀይረዋል።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ግን ባትሪው የሚታመንበት ነገር አይደለም። ዊንዶውስ በትእዛዝ መስኮት በኩል የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ በዚያ ላይ «ዲዛይን ካፓሲቲ» እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም፣ ሁለተኛው ዛሬ የቀረው ነው። የእኔ የውስጠኛው ከ24 ወደ 17፣ ተነቃዩ ደግሞ ከ24 ወደ 9 ወርዶ ስለተገኘ ሻጩ ተነቃዩን 20 በሚይዝ ሌላ ተካልኝ። ሪፖርቱን ባናወጣው ኖሮ ስክሪኑ ጥግ ላይ «100 በመቶ» የሚለውን አምነን እንሄድ ነበር። በአሁኑ ይዞታው ሁለቱ አንድ ላይ ለመዝገብ ሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ያገለግሉኛል፤ በቪዲዮ ሳወራ ሁለት ሰዓት አይሞላም።

ቻርጀሩ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዝ ሶኬት መሰኪያ ይዞ ነው የመጣው፤ በዱባይ በኩል የሚገቡ ዕቃዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሻጩ አንድ ማቀያየሪያ ሰጥቶኝ ነበር፤ ግድግዳው ላይ እየላላ ብልጭ ስላለብኝ ጣልኩት። የቲንክፓድ ቻርጀር የግድግዳው ገመድ ብቻውን የሚነቀል በመሆኑ ክብ እግር ያለው ገመድ በጥቂት ብር ገዝቶ መቀየር ይቻላል፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ማድረግ ተገቢ ነው።

አሁን ጉድለቶቹን ልዘርዝር። ድምፅ ማውጫው ደካማ ነው። ጆሮው ለከበደ ሰው የልጁን ድምፅ በግልጽ ለመስማት ትንሽ ስፒከር ወይም የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልገዋል፤ ባለቤቴ ያለ ስፒከር አትሰማም። ካሜራው 720 መስመር ስለሆነ ምሽት ላይ ፊታችን ደብዘዝ ብሎ እንደሚታይ ልጄ ትነግረናለች፤ አምፖሉን ከፊታችን ስናደርገው ይሻሻላል። የስክሪኑ ብርሃን ለቤት ውስጥ በቂ ቢሆንም፣ እኔ ከሰዓት በፊት መቀመጥ የምወድበት በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲኖር አይነበብም። ክብደቱ እንደ ባትሪው ሁለት ኪሎ ሊጠጋ ስለሚችል ጀርባውን ለሚያመው ሰው ከቤት ቤት ይዞ መዞር ይከብዳል። የአምራቹ ዋስትና ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ ያለው የሱቁ ዋስትና ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን በቃል ሳይሆን የማሽኑ መለያ ቁጥር በተጻፈበት ደረሰኝ ላይ ማስሰፈር ያስፈልጋል። መለያ ቁጥሩን በሌኖቮ ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ዓይነት ስክሪንና ፕሮሰሰር እንደነበረው ስለሚያሳይ፣ ተለዋውጦ የተገጠመ ነገር ካለ እዚያው ይታወቃል።

ከመክፈል በፊት መታየት ያለባቸው ሁለት የተሰወሩ ነገሮችም አሉ። ማሽኑ ሲነሣ ኤፍ1ን ተጭኖ ወደ መነሻ ቅንብሩ መግባት ያስፈልጋል፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀ የቀድሞው ድርጅት ቆልፎት የሄደ ነው፤ ይህን ቁልፍ ለማስከፈት ብዙ ድካም ስላለው መተው ይሻላል። ሌላው ቻርጀሩ የሚሰካበትን የተንደርቦልት ወደብ የሚመለከት ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ ቲንክፓዶች ላይ የወደቡ ሶፍትዌር ጉድለት ስለነበረበት ኩባንያው አስቸኳይ ያለውን ማሻሻያ አውጥቷል፤ ማሻሻያው ካልተጫነ ወደቡ ውሎ አድሮ ቻርጅ መቀበሉን ሊያቆም ይችላል። ከገዙ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ይህን ማስጫን ይሁን።

ይህ ማሽን ለሁሉም አረጋዊ ይሆናል አልልም። የሚፈልገው ከልጅ ልጆቹ ጋር መተያየትና መዝሙር ማዳመጥ ብቻ ለሆነ፣ ጽሑፍ የማይጽፍ ሰው ታብሌት ይቀለዋል። አዲስ ዕቃ ካልሆነ ልቡ የማያርፍ፣ አቅሙም የሚፈቅድለት ሰው ደግሞ 15.6 ኢንች አይፒኤስ ስክሪን፣ 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለውን ይፈልግ፤ ከዚያ በታች ያለውን አዲስ ግን በስጦታም ቢሆን ባይቀበለው እመርጣለሁ። ለሚጽፍ፣ ሒሳብ ለሚይዝ፣ ደብዳቤ ለሚያነብ ሰው በዚያ ገንዘብ ከቲ480 የተሻለ አላገኘሁም።

የየካቲት ወር የእድራችን ስብሰባ ላይ የመዋጮውን ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ ከማሽኑ አሳትሜ በትልልቅ ፊደል አደልኩ። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ እናት መነጽራቸውን ሳያወጡ ስማቸውን አግኝተው የሁለት ወር ቀሪ እንዳለባቸው ራሳቸው ነገሩን። ልጄ ለፋሲካ ስትመጣ አዲስ ላፕቶፕ ላምጣልህ ብላ ነበር፤ ለዚህኛው የሚሆን 72 ዋት ሰዓት ተነቃይ ባትሪ እንድታመጣልኝ ጠየቅኋት። ትርፍ ባትሪ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባ ሻንጣ ውስጥ ስለማይፈቀድና ይህኛው ደግሞ ከ100 ዋት ሰዓት በታች ስለሆነ፣ በእጅ ሻንጣዋ ይዛው ትገባለች።